ከዜሮ በታች አንደኛ

የአሜሪካ የሂሳብ መምህር ግማሽ ሥራው ማባበል ነው። የ12 ዓመት ተማሪ እጁን ያወጣና «ይሄ ሳድግ ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ይጠይቀዋል። እኛ በዚያ ዕድሜ ይህን ብናነሣ መልሱ በአርጩሜ ስለሚመጣ አንሥተነው አናውቅም፤ ከነጥያቄያችን አድገን ከነጥያቄያችን ተመረቅን። አሜሪካዊው መምህር ግን እጁ ላይ አርጩሜ የለምና ዘዴ ይፈልጋል። ክፍልፋይን በፒዛ አስተማረ፤ ልጆቹ ፒዛውን ወደዱት። መቶኛን በልብስ ቅናሽ አስተማረ፤ ልጆቹ ልብሱን ወደዱት። የዕድል ስሌትን በባለቀለም ከረሜላ አስተማረ፤ ከረሜላው ከስሌቱ ቀድሞ አለቀ። አሁን ደግሞ ተራው የጎልፍ ሆኗል።

ጎልፍ! አንዱ ዙር 4 ሰዓት ያህል የሚፈጅ፣ ከዚያ ውስጥ ኳሱ የሚመታባት ቅጽበት ሁሉ ተለቅማ ብትደመር ጥቂት ደቂቃ ብቻ የምትሆን፣ ተመልካቹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያየው ስፖርት። ከጨዋታ ሁሉ ለሰባተኛ ክፍል ልጅ የማይሆነውን ምረጡ ቢባል ብዙዎቻችን ይህንኑ የምንመርጥ ይመስለኛል።

ነገሩ ግን የአንድ መምህር እብደት አይደለም። ፈርስት ቲ የተባለው ድርጅት ከ1997 ጀምሮ ልጆችን በጎልፍ ሲያሠለጥን ቆይቶ ትምህርት ቤቶች ውስጥም ገብቷል፤ መስኮት እንዳይሰበር ለስላሳ ኳስ ይዞ። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበርም ከኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጋር ሆኖ የጎልፍን ሳይንስ ለተማሪ የሚያስረዱ አጫጭር ቪዲዮዎች አሠርቷል። አትላንታ ኢስት ሌክ ሠፈር ያለው ድሩ ቻርተር ትምህርት ቤት ደግሞ ከተከፈተበት ከ2000 ጀምሮ ጎረቤቱ የጎልፍ ሜዳ ነው፤ ልጆቹም ጎልፍ ይማራሉ። ሠፈሩ በወንጀልና በድህነት ስሙ የጠፋ ነበር። ቶም ከዝንስ የተባሉ ባለሀብት በ1993 ያረጀውን የጎልፍ ክለብ ገዝተው ሠፈሩን ከነሜዳው አነሡት፤ ቤቱም ትምህርት ቤቱም አብሮ ተለወጠ፤ የልጆቹም ውጤት ተሻሻለ። ታዲያ ይህን ታሪክ ሰምቶ የሚሄድ ጎብኚ ሁሉ ቤቱ በአዲስ መሠራቱን፣ የትምህርት ቀኑ መርዘሙን፣ ሕፃናቱ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ መያዛቸውን ረስቶ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ የጎልፍ ዱላውን። እንዲህ ነን። ሰፊ ሥራ ተሠርቶ ሲያሳዩን ዓይናችን የሚያርፈው ተገዝቶ ሊመጣ በሚችለው ዕቃ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላማ የሂሳብ ጥያቄው ሁሉ የጎልፍ ቆብ ደፍቶ መምጣት ጀመረ። «አንድ ባቡር በሰዓት 60 ማይል ቢጓዝ» የነበረው ጥያቄ «አንድ የጎልፍ ኳስ በሰዓት 120 ማይል ቢጓዝ» ሆነ። ባቡሩን ያልወደደ ልጅ ኳሱን የሚወድበት ምክንያት አይታየኝም። እንደውም ባቡሩ ይሻል ነበር፤ ባቡር ጫካ ገብቶ አይጠፋም። «ጎልፍ ተጫዋቹ 3 ደርዘን ኳስ ገዝቶ 11 ቢጠፉበት» የሚለውንም ጎልፍ ነው ብሎ የሚያስተምር አለ። ኳሱ ብርቱካን ቢሆንም ልዩነት የለውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጎልፍ በእውነት ያስተምራል፤ ይህንንም ያረጋገጡልኝ በቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ ታክሲ የሚነዱ አንድ አባት ናቸው። ከልጃቸው መምህር ደብዳቤ መጣላቸው፤ ክፍሉ በቀጣዮቹ ሳምንታት ኔጌቲቭ ቁጥሮችን በጎልፍ ይማራል ይላል። አባት ሁለቴ አነበቡትና ለባለቤታቸው «ሂሳቡ አለቀባቸው መሰለኝ» አሏቸው።

«ምን ይማራሉ አልክ?»

«ዱላ።»

«የገና ጨዋታ ነው እንዴ?»

«ገናማ ቢሆን በዓመት አንዴ ነው! ሩር ለመለጋት ደግሞ ሂሳብ ያስፈለገው ሰው አላየሁም።»

ልጁ በሳምንቱ እየሮጠ ገባ። «አባዬ፣ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ!»

«ጎሽ የኔ ልጅ! ስንት አገኘህ?»

«ማይነስ ሦስት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አባት ሹካቸውን አስቀመጡ። «ማይነስ ሦስት... ከስንት?»

«ከዜሮ።»

«ከዜሮ በታች አግኝተህ አንደኛ ከወጣህ፣ ሌሎቹ ምን ሆነው ነው?»

«አንዱ ፕላስ አምስት አገኘ። እሱ መጨረሻ ወጣ።»

እናት «በስመ አብ!» አሉ። አባት በበኩላቸው ትምህርት ቤት ለመደወል ስልካቸውን አነሡ። ልጁ ግን ቀድሞ ወረቀት አወጣ። ፓር ማለት አንድ ቀዳዳ ውስጥ ኳሱን ለማስገባት የተመደበልህ የምት ብዛት ነው፤ በተመደበልህ ከጨረስክ ዜሮ፣ ካሳነስክ ከዜሮ በታች፣ ካበዛህ ከዜሮ በላይ፤ ከታች ያለው ያሸንፋል። አባት ወረቀቱን ትክ ብለው አዩትና ፊታቸው በራ። «ጂፒኤሱ 30 ደቂቃ ያለኝን መንገድ በ27 ደርሼ መንገደኛ ማራገፍ ነው በለኛ! ማይነስ ሦስት!» ልጁ በዚያ ሳምንት ከመምህሩ የሰማው ምሳሌ ሁሉ ይህን አያህልም።

አሜሪካ ኔጌቲቭ ቁጥር በስድስተኛ ክፍል ይገባል፤ መደመር መቀነሱ በሰባተኛ ይከተላል። የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌዎች ከጥንት ጀምሮ ሦስት ናቸው፤ ብርድ፣ ዕዳና ባሕር ውስጥ መስጠም። ልጁ ከዜሮ በታች ያለውን ዓለም የመከራ ዓለም አድርጎ ቢፈራው አይፈረድበትም። በጎልፍ ግን ያ ዓለም የሚናፈቅ ነው። በዚያ ላይ አንደኛውና መጨረሻው በስንት ተበላለጡ ቢባል 5 ሲቀነስ ማይነስ 3፣ መልሱ 8። እኛ «ማይነስ በማይነስ ላይ ሲመጣ ፕላስ ይሆናል» ብለን እንደ ውዳሴ ማርያም የሸመደድነውን ሕግ፣ ልጁ ሁለት የውጤት ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ 8 ምት በጣቱ ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ ለመምህሩ ቆቤን አነሣለሁ።

ሌላም አለ። ፓር እንዲሁ በግምት የሚሰጥ ቁጥር አይደለም። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ በአረንጓዴው ደልዳላ መሬት ላይ 2 ቀስታ ምት ይታሰብለታል፤ የቀረው ኳሱን እዚያ ለማድረስ ነው። ፓር 3 ከሆነ በ1 ምት ድረስ፣ ፓር 4 ከሆነ በ2፣ ፓር 5 ከሆነ በ3 ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ 18 ናቸው፤ 18 በ2 ሲባዛ 36። የብዙ ሜዳዎች ጠቅላላ ፓር ደግሞ 72 ነው። የጨዋታው ግማሽ እንግዲህ በዚያች ፓተር በምትባል ትንሽ ዱላ ኳሱን ቀስ አድርጎ ማንከባለል ነው። ይህን የሰባተኛ ክፍል ልጅ በአንድ መስመር ይደርስበታል። ይህን ያልደረሰበት አባቱ ነው። ዱላ መሸጫ ሱቅ ሲገባ ፓተሩን ዞር ብሎ ሳያይ፣ በአንድ ዙር ከ14 ጊዜ በላይ እምብዛም ለማይመዝዘው ረጅሙ ድራይቨር የወር ኪራይ የሚያህል ይከፍላል።

የኛው የቨርጂኒያ አባትም ገዙ። እንዴት ገዙ ቢሉ፣ አንድ መንገደኛ ታክሲያቸው ውስጥ በስልክ ሲያወራ ትልልቅ የሥራ ውሎች የሚታሰሩት ጎልፍ ሜዳ ላይ እንደሆነ ሰሙ። ልጃቸው የሚማረው ሂሳብ መሆኑ ቀርቶ የወደፊት ሥራ አስኪያጅነት ሆኖ ታያቸው። ማታውኑ «ይሄ ልጅ ክረምቱን ሁሉ ጎልፍ ይማር» ተባለ። ለጨዋታ የማንሰጠው ልጅ የለንም፤ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑን እስካቆመ ድረስ። ኳስ ሜዳ «ጊዜ ማባከን» የነበረው ጎልፍ ሜዳ ሲሆን «ኢንቨስትመንት» ይሆናል። ደንቡ ከ14 ዱላ በላይ መያዝ ይከለክላል እንጂ እሳቸው ሀያም ቢሆን ከመግዛት አይመለሱም ነበር።

ቅዳሜ አብረው ወጡ፤ ልጁ እርሳስና ካርድ ያዘ። አባት ድራይቨሩን አነሡ፣ እግራቸውን አስተካከሉ፣ ትንፋሻቸውን ዋጡ፣ ወዘወዙ፤ አየሩን መቱት። ኳሱ ካለበት አልተነቃነቀም።

«ይሄ ማሟሟቂያ ነው» አሉ።

«አባዬ፣ ለመምታት አስበህ ከወዘወዝክ ይቆጠራል። ደንቡ ነው።»

ሁለተኛውም አየር። ሦስተኛው ኳሱን ጫፉን ነክቶ ወደ ጎን፣ ወደ ሣሩ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ፓር 4 የነበረው ቀዳዳ ላይ ሲደርሱ «ስድስት በልልኝ» አሉ፣ በትከሻቸው ላብ እየጠረጉ።

«ዘጠኝ ነው፤ ፕላስ አምስት።»

«አንተ ልጅ፣ አባትህ ላይ ትቆጥራለህ?»

ልጁ በጎልፍ አማካይነት ሂሳብ ተምሯልና ቆጠረ።

አባትየውን ብቻ እንዳንታዘባቸው ግን የጎልፍ አገሮች ሰዎች ለዚህ ገመናቸው ስም ጭምር አውጥተውለታል። ምቱ የተበላሸበት ሰው ሁለተኛ ኳስ አስቀምጦ የመጀመሪያውን እንዳልነበረ የሚያደርግበት ሙሊጋን ይባላል። ኳሱ ቀዳዳው ጫፍ ደርሶ ሲቀር «በቃ እንደገባ ቁጠረው» ተባብሎ ማንሣቱ ጊሚ ይባላል። ቢል ክሊንተን ፕሬዝዳንት በነበሩበት ዘመን በሙሊጋን ቸርነታቸው ያልቀለደባቸው ጋዜጣ የለም። ቀዳዳው ጠቦ ነው እንዳይባል ዲያሜትሩ 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኳሱ 43 ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ልጆቹ የክብ ስፋት ሲማሩ አስልተውታል፤ የቀዳዳው አፍ ከኳሱ ከ6 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ጥበቱ ሌላ ቦታ ነው።

የመቁጠር ነገር ከተነሣ ሮቤርቶ ደ ቪቼንሶን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። አርጀንቲናዊ ነበሩ፤ ሚያዝያ 14 ቀን 1968 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በ45ኛ ዓመት ልደታቸው ዕለት፣ ኦገስታ ላይ የማስተርስ ውድድርን የመጨረሻ ዙር በ65 ምት ጨረሱ። ከቦብ ጎልቢ ጋር እኩል ናቸው፤ በማግስቱ ተጋጥመው ይለያሉ። ነገር ግን ካርዳቸውን የያዘላቸው ተጫዋች ቶሚ አሮን 17ኛው ቀዳዳ ላይ በቴሌቪዥን ሕዝብ ያየውን 3 ምት 4 ብሎ ጽፎት ኖሯል፤ ደ ቪቼንሶም ሳያዩ ፈረሙበት። የደንቡን ጭካኔ ተመልከቱ፤ ከሠራኸው አብዝተህ ከፈረምክ ያበዛኸው ይጸናብሃል፤ አሳንሰህ ከፈረምክ ከውድድሩ ትሰረዛለህ። ስለዚህ 65ቱ 66 ሆነ፤ ጎልቢ አሸነፉ። በዓለም ከነበሩት ስመ ጥር ጎልፈኞች አንዱ በመደመር ስህተት እንኳ አይደለም፣ አንዲት አኃዝ ባለማንበብ የዋንጫ ግጥሚያ ቀረባቸው። የሂሳብ መምህር «መልስህን ከማስረከብህ በፊት አንድ ጊዜ ተመልከተው» የሚለውን ምክር በዚህ ታሪክ አስደግፎ ቢናገር ከየትኛውም ቪዲዮ ይሻለው ነበር። እኔ እስካሁን ሲናገር የሰማሁት የለም።

ሃንዲካፕ የሚሉትም አለ። ደካማው ከብርቱው ጋር እኩል ተፎካካሪ እንዲሆን የሚሰጠው የምት ድጎማ ነው። ከ2020 ጀምሮ ስሌቱ በዓለም ዙሪያ አንድ ሆኗል። የሜዳውን ደረጃ ከምትህ ቀንስ፣ በ113 አባዛ፣ ለሜዳው ክብደት አካፍል። ለምሳሌ ደረጃው 71 በሆነ ሜዳ 91 ከመታህ ልዩነቱ 20 ነው፤ የሜዳው ክብደት 130 ከሆነ ግን 20 በ113 ተባዝቶ ለ130 ተካፍሎ 17.4 ገደማ ይሆንልሃል። መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል፣ አስርዮሽ፣ ሁሉም አለበት፤ ሚድል ስኩል ሙሉውን በአንድ መስመር።

ዋናው ቁም ነገር ግን የሚከተለው ነው። ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮችህ ምርጥ 8ቱ ተመርጠው የነሱ አማካይ ይወሰዳል። የቀሩት 12 አይቆጠሩም። ሃንዲካፕህ እንግዲህ የአንተ ልክ ሳይሆን የደጉ ቀንህ ልክ ነው። ይህን አማካይ የተማረ ልጅ ወዲያው ይረዳዋል፤ ከ20 ቀን ቢያንስ በ12ቱ ከሃንዲካፕህ የከፋ መጫወትህ የስሌቱ ባሕርይ ነው። አዋቂው ግን በየሳምንቱ ከሜዳ ሲወጣ ራሱን እየነቀነቀ «ዛሬ ቀኔ አይደለም» ይላል። ኧረ ቀንህ ነው! ለዚያውም መደበኛው ቀንህ።

በዚህ ቀመር ላይም ተንኮል አልጠፋም። አንዱ ጓደኞቹ ፊት ለመኩራት መጥፎ ውጤቶቹን ሳያስመዘግብ ሃንዲካፑን ያሳንሳል። ሌላው በውርርድ ለማሸነፍ ደህና የተጫወተባቸውን ደብቆ ሃንዲካፑን ያሳብጣል። አንዱ ጎበዝ መስሎ ይሸነፋል፣ ሌላው ደካማ መስሎ ያሸንፋል። ሁለቱም በትምህርት ቤት ሳሉ ሂሳብ ይከብደኛል ሲሉ የነበሩ ሰዎች ቢሆኑ አልደነቅም፤ ለማጭበርበር ሲሆን አስርዮሹ ሁሉ ቀለላቸው።

የርቀትን ነገር ደግሞ ጨረቃ ትመስክር። በየካቲት 1971 የአፖሎ 14ቱ ጠፈርተኛ አለን ሼፐርድ የጎልፍ ዱላ ጫፍ አፈር መዛቂያ መሣሪያ ላይ ገጥመው ጨረቃ ላይ ኳስ መቱ። የጠፈር ልብሱ አላላውስ ስላላቸው በአንድ እጃቸው ነበር የመቱት። ሁለተኛውን ከመቱ በኋላ ኳሱ ማይሎችን አልፎ እንደሄደ ለምድር ሰዎች አበሠሩ። የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ሰው አመነ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ አንዲ ሳንደርስ የተባሉ የፎቶግራፍ ባለሙያ የድሮዎቹን ምስሎች አጥርተው ለኩት። የመጀመሪያው 24 ያርድ፣ ሁለተኛው 40 ያርድ ነበር የሄደው። 1 ማይል 1,760 ያርድ ነው፤ 40 ለ1,760 ሲካፈል የማይል አንድ አርባ አራተኛ። ማይሎች ሲባል ትንሹ 2 ነውና ግነቱ ቢያንስ 88 እጥፍ ነው። ለሰባተኛ ክፍል ሬሾ የሚሆን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም። አየር በሌለበት፣ ስበት ባነሰበት፣ ከጨዋታ ጓደኛ ሁሉ 380,000 ኪሎ ሜትር ያህል በራቀ ቦታ እንኳ ጎልፈኛ ጎልፈኛ ነው።

እንግዲህ ልጆቹን ሂሳብ በጎልፍ ማስተማሩን አልቃወምም። ኔጌቲቭ ቁጥሩን፣ አማካዩን፣ ሬሾውን በደንብ ያሳያል፤ ቆብ የደፋውን ባቡር ግን ወደ ጣቢያው ቢመልሱት ይሻላል። ድራይቨርና ሙሉ ከረጢት መግዛትም አያስፈልግም። አንድ ፓተር፣ አንድ ኳስ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ኩባያና እርሳስ ይበቃል፤ ግማሹ ጨዋታ እዚያው አለ።

ወላጆች ሆይ፣ ቅዳሜ ከልጆቻችሁ ጋር ሜዳ ከወጣችሁ ካርዱንም እርሳሱንም ለልጁ ስጡት። ዘጠኝ ካለ ዘጠኝ ነው፤ አትከራከሩት።